አባቴ የበየደው መስመር ይቆጠርለት

ለአህጉራት ዋንጫ የመኪና እሽቅድምድም ማኅበር
የወጪ ጣሪያ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ሊቀመንበሩ
ባዝል

ቀን፦ ኦክቶበር 9 ቀን 2024 እ.ኤ.አ.

አመልካች፦ ኔሪና ፎንታኔሲ፣ ቦርጎ ቬንዳ፣ ኤሚሊያ፣ ጣሊያን

ጉዳዩ፦ አባቴ ኦዲኖ ፎንታኔሲ በባርዘሊ ቡድን መኪና ላይ የሠራው ብየዳ የሠራተኛ ሥራ ሆኖ እንዲቆጠርለት፣ እናቴ የፈረመችበት ቃልም በማስረጃነት እንዳይያዝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሊቀመንበር፣

ይህን አቤቱታ የምጽፍልዎ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነኝ። ፊርማዬ በሕግ ፊት ምን ያህል እንደሚጸና አላውቅም። አባቴ ሲታመም ትምህርቴን ስላቋረጥኩ የጽሕፈት ቤት አጻጻፍ በደንብ አልችልበትም፤ ያጎደልኩት ነገር ቢኖር እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። በአካል ቀርቤ እንዳላስረዳም ሰው ፊት ቆሜ መናገር አይሆንልኝም። ዳቦ ቤት እንኳ የምፈልገውን በጣቴ ነው የማሳየው። ስለዚህ ያየሁትንና የሰማሁትን እንደሚከተለው በጽሑፍ አቀርባለሁ።

1. አባቴ በባርዘሊ የእሽቅድምድም ቡድን ወርክሾፕ ውስጥ በያጅ ነው። «ነበር» በይ ይሉኛል። ጉዳዬ በዚህች ቃል ላይ ስለሆነ ለጊዜው «ነው» እያልኩ እቀጥላለሁ። ሥራው የመኪናውን የጭስ ማውጫ ቧንቧ፣ እነሱ ማርሚታ የሚሉትን፣ መበየድ ነው። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ እዚያ አለ። ቦርጎ ቬንዳ ትንሽ ከተማ ናት፤ ከባርዘሊ ሌላ ብዙ ሰው የሚቀጥር የለም። እናቴ ማሪዛም በዚያው በቡድኑ ካንቲን ውስጥ ትሠራለች።

2. ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፣ በብርዱ ወራት፣ አባቴን ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው። ንግግሩም ሄደ። ከነበሩት ቃላት ሁሉ የቀረችለት «ይኸው» የምትለዋ ብቻ ናት። ሲርበው «ይኸው» ይላል፣ ሲናደድም «ይኸው» ይላል፣ እኔ ወደ ክፍሉ ስገባም «ይኸው» ይላል። ድምፁን የለመደ ሰው ይለየዋል። እኔና እሱ ድሮም ብዙ አናወራም ነበር፤ ቤቱ ጸጥ ማለቱ የከበዳት እናቴን ነው።

ቡድኑ ደመወዙን አላቋረጠበትም። ለዚህ ቤተሰባችን ያመሰግናል። በማኅበራችሁ ደንብ በሕመም ፈቃድ ላይ ያለ ሰው ደመወዝ አንድ ቡድን በዓመት ሊያወጣ ከሚችለው ልክ፣ ከወጪ ጣሪያው፣ ውጭ ነው፤ መኪናውን የሚነካ ሰው ሁሉ ግን ይቆጠራል። የአባቴ ስም ከታመሙት ጋር ተጻፈ። በዚህ ምክንያት አባቴ ወርክሾፕ ገብቶ መቀመጥ ይችላል፣ የመኪና ዕቃ መንካት ግን አይችልም።

3. እግሩ እንደጠና በመጀመሪያ የጠየቀው ነገር ወደ ወርክሾፕ መሄድ ነው። የጠየቀውም ኮፍያውን አድርጎ በሩ ላይ በመቆም ነው። ጠዋት ጠዋት ክንዱን ይዤ አደርሰው ጀመር። የበሩ ዘበኛ፣ ሁሉም አባቴን በሚጠራበት የክብር ስም፣ «ማስትሮ፣ ዛሬም አረፈድክ፣ ለአለቃ እነግርብሃለሁ» ይለዋል። አባቴ «ይኸው» ይለዋል። ሁለቱም ይስቃሉ፤ በየቀኑ ያው ቀልድ ነው፣ በየቀኑም ይስቃሉ። የብየዳው ክፍል ውስጥ፣ ከቀድሞ ጠረጴዛው አጠገብ፣ በርጩማ አድርገውለታል። ጠረጴዛውን ለማንም አልሰጡትም። እዚያ ተቀምጦ ያዳምጣል። የአንዱ ብየዳ ድምፅ ሲያስጠላው በዱላው ወለሉን ይመታል፣ የሚበይደውም ሰው ያቆማል። ይህም ሥራ ከሆነ እየሠራ ነበር፤ የቆጠረው ግን የለም።

አባቴ ደንባችሁን የሚጠላ ሰው እንዳልሆነ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። የወጪ ጣሪያው ደንብ ሲወጣና የቡድኑ ባለቤት ሲኞር ሩጄሮ ባርዘሊ «እንዲህ ከሆነ ከውድድሩ እንወጣለን» ማለት ሲጀምሩ አባቴ ገና ጤነኛ ነበር። እራት ላይ እንዲህ አለ፦ «ጥሩ ደንብ ነው። ገንዘብ ያለውን ሁሉም ያውቀዋል፤ አሁን ደግሞ እጅ ያለው ይታያል።» እናቴ «ቀስ በል፣ መስኮቱ ክፍት ነው» አለችው። ከቤታችን በታች ቡና ቤት አለ፤ እኛ የምንናገረው ወደ ታች፣ እነሱ የሚናገሩት ወደ ላይ ይሰማል።

4. ባለፈው ዓመት በመኸር አባቴ በግራ እጁ ሹካ ይዞ የሾርባ ሳህኑን ጠርዝ መከተል ጀመረ። ሹካው ሳህኑን ሳይነካ፣ ከጠርዙም ሳይርቅ፣ ቀስ እያለ ይዞራል። እናቴ አእምሮውም የተነካ መስሏት ወደ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። እኔ ግን ገብቶኛል። የብየዳ እጀታ የሚያዘው እንደዚያ ነው፤ ብረቱን መንካት የለበትም፣ መራቅም የለበትም። ሾርባው ይቀዘቅዛል፣ አሞቀዋለሁ፣ መልሶ ይቀዘቅዛል። መጀመሪያ እጁ በጣም ይንቀጠቀጥ ነበር። የገና በዓል ሲደርስ መንቀጥቀጡን ተወ። ለእናቴ ልንገራት ብዬ አስቤ ነበር፤ እሱ ግን ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። የማይናገር ሰው ዝም በይ ሲለኝ ሳቅ መጣብኝ። እሱም ሳቀ። ከታመመ ወዲህ አብረን እንደዚያ ስቀን አናውቅም።

5. በባርዘሊ ብየዳ ክፍል፣ ከቡድኑ መሥራች ዘመን የቆየ አንድ ልማድ አለ። በየዓመቱ የወቅቱ የመጀመሪያ ማርሚታ ሲሠራ የመጨረሻዋን መስመር የሚዘጋት በክፍሉ በዕድሜ የገፋው በያጅ ነው። ሌሎቹ ማሽናቸውን አጥፍተው ዙሪያውን ይቆማሉ። መስመሩ ሲያልቅ በያጁ የራሱን የብረት ማኅተም ቧንቧው ላይ ያደርግና በመዶሻ ይመታዋል። ከዚያ በስብ የተጠበሰ ሊጥ ሞርታዴላ ከሚባለው ቋሊማ ጋር ይበላል፣ ወይን ይቀዳል፣ ሁሉም ወደ ሥራው ይመለሳል። ያ ቧንቧ ወደ መጀመሪያው ውድድር በሚሄደው መኪና ላይ ይገጠማል። የተሻለ ቧንቧ ቢኖርም የሚገጠመው እሱ ነው።

አባቴ በታመመ ዓመት መስመሯን የዘጋት በዕድሜ ከእሱ ቀጥሎ ያለው የክፍሉ አለቃ ቴሬንዚዮ ነበር። ያን ቀን አባቴ በርጩማው ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ዋለ።

ዘንድሮ በየካቲት ወር ግን የሆነው እንዲህ ነው። ካንቲኑ የጠበሰውን ሊጥ ተሸክሜ የመጣሁት እኔ ስለሆንኩ በዓይኔ አይቻለሁ። ቴሬንዚዮ የብየዳ ጭንብሉን ሊያወርድ ሲል አባቴ ከበርጩማው ተነሣ። የራሱን ጭንብል ከምስማሩ አውርዶ በአንድ እጁ ራሱ ላይ አደረገው። ከዚያ ግራ እጁን ዘረጋ።

ቴሬንዚዮ «ኦዲኖ፣ ወንድሜ፣ ተቀመጥ» አለው።

አባቴ «ይኸው» አለ።

ከኋላ አንዱ «ስጠው እንጂ፣ ብረት ነው፤ ካበላሸው ቆርጠን እንጥለዋለን» አለ። ሌላው «አንተ ያበላሸኸውን ከጣልን በኋላ ቦታ ካለ» አለው። ሳቁ። ቴሬንዚዮ አልሳቀም። እጀታውን ሰጠው።

የብየዳ ብርሃን በባዶ ዓይን አይታይም። ስለዚህ ፊቴን አዙሬ ግድግዳውን አየሁ። ግድግዳው ላይ የአባቴ እጅ ጥላ ነበር። አልተንቀጠቀጠም። ድምፁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ነበር፤ በዱላ ወለል የሚያስመታ ነገር አልነበረበትም። ብርሃኑ ጠፋ። ከዚያ ቴሬንዚዮ መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ ብሎ መስመሩን አየና ኮፍያውን አወለቀ።

6. ስህተት ተሠራ ከተባለ የተሠራው ከዚህ በኋላ ነው። ቴሬንዚዮ የራሱን ማኅተም ቢመታበት ኖሮ ዛሬ ይህን ደብዳቤ አልጽፍልዎም ነበር። ለምን አልመታም ብለው ይጠይቁ ይሆናል። በዚያ ክፍል ውስጥ ሰው በሌላ ሰው መስመር ላይ የራሱን ማኅተም አይመታም። ሌብነት ነው። የተከለከለ ነው ብሎ የጻፈው የለም፤ መጻፍ እንዳለበት ያሰበም የለም። ስለዚህ ቴሬንዚዮ የአባቴን ማኅተም ከጠረጴዛው መሳቢያ አውጥቶ ቧንቧው ላይ ያዘለት፣ መዶሻውን አቀበለው፣ አባቴም መታ። ኦ.ፎ. የሚሉት ሁለት ፊደላት ናቸው።

ሊጡ እየተበላ ሳለ ከወጣቶቹ አንዱ «አለቃ፣ ማስትሮ እኮ የተጻፈው ከታመሙት ጋር ነው» አለ። ቴሬንዚዮ መስመሩን በጣቱ እያሳየ «ይሄ የታመመ ይመስልሃል?» አለው። ሁሉም ሳቁ። ከዚያ በኋላ ጉዳዩን ያነሣው የለም። ለማታለል የተስማማ ሰው አላየሁም። ሊደብቁ ያሰቡ ሰዎች ስሙን ብረት ላይ አይመቱም።

7. ቧንቧው በመጀመሪያዎቹ ውድድሮች ሮጠ፤ አልተሰነጠቀም። አባቴ ውድድሩን በቴሌቪዥን ሲያይ ዓይኑን ጨፍኖ ነው፤ ይህም መስማት ስለሚበቃው ነው። በግንቦት የእናንተ ተቆጣጣሪዎች መጥተው የዕቃዎቹን ማኅተም ከሠራተኞች ስም ጋር ሲያመሳክሩ ኦ.ፎ. የሕመም ፈቃድ ላይ ያለ ሰው ሆኖ ተገኘ። ቧንቧውን ይዘው ሄዱ። ቡድኑ ሠራተኛ ከቁጥር ደብቋል ተብሎ ተከሰሰ። ተቆጣጣሪዎቹን አልወቅስም፤ ሥራቸውን ነው የሠሩት። አንደኛው ሲወጣ አባቴን በርጩማው ላይ አይቶ በትሕትና ሰላም ብሎታል። ማን መሆኑን አላወቀም።

8. በመስከረም ሲኞር ባርዘሊ በቴሌቪዥን ቀርበው፣ ከሌሎች ሁለት ቡድኖች ጋር ሆነው በዓመቱ መጨረሻ ከአህጉራት ዋንጫ እንደሚወጡ ተናገሩ። ምክንያታቸው የወጪ ጣሪያው መሆኑን ካስረዱ በኋላ እንዲህ አሉ፦ «በደግነት ያስቀመጥነው አንድ ሽባ ሽማግሌ በጣቱ የነካውን ቧንቧ ከሚቆጥር ማኅበር ጋር መቀጠል አንችልም።» እኛ እራት ላይ ነበርን። እናቴ ተነሥታ ቴሌቪዥኑን አጠፋች። አባቴ ግን የጠፋውን ቴሌቪዥን ረጅም ጊዜ ተመለከተ። «ሽባ» የምትለዋ ቃል አልመሰለኝም የጎዳችው። «በጣቱ የነካው» የምትለዋ ናት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከተማው ተለወጠ። ክፉ ሰዎች አይደሉም። ቡድኑ ከሄደ ወርክሾፑ ይዘጋል፣ ሰው ይበተናል፣ ያንን ነው የሚፈሩት። የዳቦ ቤቷ ሲኞራ ዲና ስገባ ወሬዋን ታቋርጣለች፤ ዳቦውን የምትሰጠኝ ፊቴን ሳታይ ነው። ከታች ከቡና ቤቱ የሚሰማው እንዲህ ነው፦

«ለአንድ መስመር ብየዳ ከተማ ሙሉ ተሸጠ።»

«ተው፣ ከላይ ይሰማሃል።»

«ይስማ። መልስ አይሰጥ።»

«ባርዘሊ ሊሄድ የፈለገው ድሮ ነው፤ አሁን ሰበብ አገኘ እንጂ።»

«ሰበቡን ማን ሰጠው?»

መስኮቱን እዘጋለሁ። አባቴ ተነሥቶ ይከፍተዋል።

9. በዚያው ወር መጨረሻ የቡድኑ ጠበቃ ሲኞራ ኦርላንዲኒ ወደ ቤታችን መጡ። ኬክ ይዘው ነበር። በጣም ጨዋ ሴት ናቸው። ያመጡት የጽሑፍ ቃል ሦስት ነገር ይላል። ኦዲኖ ፎንታኔሲ ከታመመ ወዲህ ማንኛውንም መሣሪያ መያዝ አይችልም። መስመሩን የበየደው ቴሬንዚዮ ነው። ማኅተሙን ባልደረቦቹ ለማስታወሻ ያህል መትተውለታል። ይህ ከተፈረመ የደበቅነው ሠራተኛ የለም ይባላል፣ ክሱ ይወድቃል፣ ሲኞር ባርዘሊም ሐሳባቸውን ለመለወጥ በር ያገኛሉ ብለው አስረዱን። ቃሉ በታማሚው ፊት መነበብ ስላለበት እናቴን «ይገባዋል?» ብለው ጠየቋት።

እናቴ «ሁሉም ይገባዋል» አለች።

«እንግዲያው አዝናለሁ» አሉና አነበቡት።

እናቴ አባቴን አየችው። «ኦዲኖ፣ አንድ ነገር በለኝ» አለችው። ያቺን አንዷን ቃል እንኳ አላላትም። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ግራ እጁን አንሥቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። እናቴ ፈረመች።

እናቴን ልከስ አይደለም የምጽፈው። ካንቲን ውስጥ አብረዋት የሚሠሩት ሴቶች በሙሉ በዚያ ሳምንት ዓይን ዓይኗን ሲያዩ ነበር። ፊርማው ላይ ያለው የእሷ ስም ነው፤ የእነሱም ስም አለበት።

10. ከዚያ ቀን ወዲህ አባቴ ወርክሾፕ አልሄደም። ኮፍያውን አያነሣም። ሾርባውን እናቴ በማንኪያ ታጎርሰዋለች፤ ግራ እጁ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ከጭኑ ላይ አያነሣውም። የተጻፈውን እየፈጸመ ይመስለኛል። መሣሪያ መያዝ አይችልም ስለተባለ ሹካም አይዝም። እኔ ጠዋት በለመድነው ሰዓት እለብስና በሩ አጠገብ እቀመጣለሁ፤ ምናልባት ይነሣ እንደሆነ ብዬ። ዘበኛው መንገድ ላይ አግኝቶኝ «ማስትሮ አረፈደ» አለኝ። ቀልዱን ሊጨርሰው አልቻለም።

ቴሬንዚዮም አንድ ቀን መጥቶ ነበር። አልቀመጥም ብሎ በሩ ላይ ቆመ። «ኦዲኖ፣ መስመርህን የእኔ ነው ብዬ ፈርሜያለሁ» አለ። «ስደበኝ። በዚያች ባለችህ ቃል ስደበኝ።» አባቴ አልሰደበውም። ለመጀመሪያ ጊዜ ግራ እጁን ከጭኑ አንሥቶ ለሰላምታ ዘረጋለት። ቴሬንዚዮ እንደ ልማዱ ቀኙን ሰጠ፤ እጅ ለእጅ አልገጠመላቸውም። እንደዚያ ተያይዘው ትንሽ ቆሙ። ቴሬንዚዮ ሲወርድ ደረጃው ላይ ሲያለቅስ ሰምቼዋለሁ።

11. ስለዚህ በጽሑፍ ያለው ቃል በሙሉ አባቴ አልሠራም ይላል። ሠራ የምለው እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔን ደግሞ ማንም አያምነኝም። ነገር ግን ቧንቧው በእጃችሁ ነው። ክቡርነትዎ ባለሙያ አዝዘው ያስመልክቱት። የብየዳ መስመር እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ነው፤ ቅርፊቱ የሚያጋድለው የበያጁ እጅ እንደሄደበት አቅጣጫ ነው። በዚያ ቧንቧ ላይ ያሉት ሌሎች መስመሮች በሙሉ በቀኝ እጅ የተሠሩ ናቸው። የመጨረሻዋ ብቻ ወደ ሌላ ወገን ታጋድላለች። ቴሬንዚዮ ቀኝ እጀኛ ነው። በክፍሉ ውስጥ ካሉት በያጆችም ግራ እጀኛ የለም።

ይህን መጻፍ ምን እንደሚያስከትል አውቃለሁ። ቃሌ እውነት ሆኖ ከተገኘ ቡድኑ ያልተቆጠረ ሠራተኛ ነበረው ማለት ነው፤ ሲኞር ባርዘሊም በዚህ ተነሥተው ይሄዱ ይሆናል። ያኔ ከተማው «የኦዲኖ ልጅ ናት» ይላል። ይህን እያሰብኩ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ግን ሌላውን ነገር ደግሞ በየቀኑ አየዋለሁ። ቡድኑ እንዲቆይ አባቴ ከንቱ እጅ አለው መባል ነበረበት፤ አባቴም ሰምቶ እጁን አስቀመጠው። በየወገኑ የሚነገረው ስለ እሱ ነው። ባርዘሊ ሽባ ነው ይላል፣ ማኅበሩ የተደበቀ ነው ይላል፣ ከተማው ጥፋተኛ ነው ይላል። በያጅ ነው ያለ የለም።

ስለዚህ ክቡርነትዎን በትሕትና የምጠይቀው፦

ሀ) እናቴና ቴሬንዚዮ የፈረሙበት ቃል ቀርቶ ቧንቧው ራሱ እንዲመረመር፤ እነሱ በዚህ ምክንያት እንዳይቀጡ።

ለ) አባቴ በዚያ ቀን የሠራው ሥራ የሠራተኛ ሥራ ሆኖ፣ በስሙ፣ ከወጪ ጣሪያው ውስጥ እንዲቆጠር። ደንቡን ሰርዙልን አልልም፣ አባቴን ከደንቡ ውጭ አድርጉልኝም አልልም። ቁጠሩት ነው የምለው።

ሐ) ቅጣት የሚኖር ከሆነ አንድ ሰው አንድ ጠዋት ለሠራው አንድ መስመር የሚመጥን እንዲሆን፤ የሚሄድ ቡድን ቢኖርም የሄደው በዚያች መስመር ምክንያት ነው ተብሎ እንዳይጻፍ።

መ) ምርመራው ሲያልቅ ቧንቧው ወደ ቦርጎ ቬንዳ እንዲመለስ። ወርክሾፑ ባይኖር እንኳ እኛ ቤት ቦታ አለ።

ደብዳቤውን ስጨርስ እናቴ አገኘችው። መነጽሯን አድርጋ ከመጀመሪያው እስከዚህ ድረስ አነበበችው። «ከሥራዬ የሚያስወጣኝ ይሄ ነው፣ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት። መነጽሯን አወለቀች። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «ፊርማዬን አልመልስም፣ ኔሪና። እዚህ ቤት አንድ ሰው ሥራ መግባት አለበት። ደብዳቤውን ግን ፖስታ ቤት እኔ አደርሰዋለሁ። አንቺ አገልግሎት መስኮቱ ጋ ስትደርሺ ፈርተሽ ትመለሻለሽ።»

ለአባቴ ደግሞ ትናንት አነበብኩለት። «ነው እያልኩ እቀጥላለሁ» የሚለው ላይ ስደርስ ተነሣ። ቴሬንዚዮ የመጣ ቀን ማኅተሙን በሩ አጠገብ ትቶለት ሄዶ ነበር፤ አባቴ እስከ ትናንት አልነካውም። ማኅተሙን አመጣ፣ ከጓዳ መዶሻ አመጣ። እኔ ማኅተሙን የወረቀቱ ግርጌ ላይ ቀጥ አድርጌ ያዝኩለት፣ እሱ በግራ እጁ መታ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመታው። ከዚያ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ «ይኸው» አለ።

መልሱ ምንም ይሁን ምን በእሱ ስም እንዲላክ እለምናለሁ። ጮክ ብዬ አነብለታለሁ። ለእሱ ሳነብ ድምፄ አይጠፋም።

በታላቅ አክብሮትና በሰላምታ፣

ኔሪና ፎንታኔሲ
(ፊርማ)

ኦ.ፎ.

ከፊርማዬ በታች ያለው ምልክት የአባቴ ነው። ወረቀቱ በዚያ በኩል ስለተቀደደ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ማኅተሙ አልፎ የወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይም ታትሟል። እናቴ ዛሬ ጠዋት ስትወለውል አየችው፤ ዙሪያውን ወልውላ ተወችው።